ቤት ውስጥ ናት

"ወዴት ነው ታዲያ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?" አለች ዘርፈሽዋል፣ ዶማውን ከቀኝ ትከሻዋ ወደ ግራው እያዛወረች።

"ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ወንዙን ላግኘው።"

"ወንዙማ ይኸው እግርሽ ሥር!"

"ካርታው ላይ ማለቴ ነው።"

ባጃጁ ጥሏቸው ከተመለሰ ቆይቷል። ከቡኢ አንስቶ የጠጠሩ መንገድ እስኪያልቅ አመጣቸውና፣ "ከዚህ በላይ ጎማ መጨረስ ነው" ብሎ አዞረ። ትርሲት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ቡታጅራ ውስጥ ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ ካርታውን ያገኘችው ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ አብራት ከተማረች ጓደኛዋ ነው። ገና ዘርፈሽዋል ልጃገረድ ሳለች ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ የተሠራ ነው ተብሏል። ትርሲት የሚፈልጉትን ጥግ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ አስጎልታ አሳተመችው።

መጀመሪያ ያሳየቻት ቀን ዘርፈሽዋል መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየችው በኋላ፣ "ይኼ ሁሉ ቡናማ ክር ምንድን ነው?" አለች።

"ዳገቱ ነው እማዬ። ክሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር ዳገቱ ይብሳል።"

"ዳገቱንማ ጉልበቴ ያውቀዋል። ቤቱን አሳዪኝ።"

ትርሲት ጥቁር ጥቁር ነጥቦቹን አሳየቻት። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል፤ መሃላቸው ባዶ ነው። ዘርፈሽዋል ባዶውን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጀፎሮው ነዋ! ከብቱ የሚሰማራበት፣ ሠርግ የሚጨፈርበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት የመንደሩ ሰፊ ሣር። አጋም በር የሚባለው መንደሯ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም የነካው የለም። ጣቷን ከወንዙ አስነስታ ነጥብ በነጥብ መውጣት ጀመረች። ይኼ የእነሰይፉ፣ ይኼ የአሰፋሽ አባት፣ ይኼ ያ ከብቱን እኛ ጓሮ የሚለቅብን ሰውዬ። እያለች እያለች አንዱ ነጥብ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ይኼ እኛ ነን" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ "እሷስ?" ብላ ጠየቀች።

"እሷ ማን?"

"ልጄ።"

"ካርታ ቤት እንጂ ሰው አያሳይም እማዬ" አለች ትርሲት። ብላም ሳትጨርስ ቆጫት፤ እርሳስ አንስታ ነጥቧን ከበበቻት።

ያቺ ልጅ ስም የላትም። ሰባ ስምንት ላይ ወደ መንደር ግቡ ተባለ፤ ሰው የገዛ ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶና ማገሩን ተሸክሞ፣ ካድሬ በገመድ ወዳሰመረው ሜዳ ወረደ። ዘርፈሽዋል አራስ ነበረች። አራስ ናት ተብሎ ቤቷ መጨረሻ ላይ ፈረሰ፤ የተደረገላት ምሕረት ይኸው ነው። አዲሱ ቤት ክዳን ሳይለብስ ውርጭ መጣ። ሕፃኗን አንድ ቀን አሳላት፣ በማግስቱ ጡት እምቢ አለች፣ ከዚያ በላይ አልቆየችም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ እሷ አልደረሰችም። ስላልደረሰች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አትገባም፣ ፍትሐት የላትም፣ ለቅሶም አይቀመጡላትም። ጎረቤቱ "እግዜር ሌላ ይስጥሽ" እያለ በበር አልፎ ወደሚሠራው ቤት ሄደ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ውርጭ ላይ ነው ያለው።

ባሏ ወልደአማኑኤል ሕፃኗን በጋቢው አቅፎ ወጣና ወደ ፈረሰው መንደር ተመለሰ። ሲመሽ እጁ አፈር ሆኖ መጣ።

"የት አደረግሃት?"

"ምሰሶው የተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ። ሌላ የት ላድርጋት? ቤት ውስጥ ናት።"

ቤት ግን አልነበረም። ግድግዳው ተነቅሎ፣ ክዳኑ ወርዶ፣ የቀረው ያ ጉድጓድ ብቻ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ሰዉ ከሰፈራው መንደር በየፊናው ተበተነ፤ እነሱም ቡታጅራ ገቡ። ወልደአማኑኤል ያንን ምሰሶ ከዚያም ነቅሎ አመጣው። ዓመታት ሙሉ አጥር ሥር ተጋድሞ ሕፃናት ሲቀመጡበት ኖረ። በየዓመቱ መስቀል ባለፈ ማግስት ብቻውን ወደ አጋም በር ይወጣል። "እኔም ልምጣ" ስትለው፣ "ዳገቱን አትችዪውም።" "እንግዲያው ቆፍረህ አምጣትና እዚሁ አጠገባችን ትሁን" ስትለው፣ "ቤት ውስጥ ናት፤ ተያት።" ይኼ መልሱ ያንገበግባት ነበር። የምን ቤት? እዚያ ቤት አለን እንዴ? አንዴ ደግሞ ሳይነግራት ምሰሶውን በአይሱዙ አስጭኖ ሄደና "ቤት ለሚሠራ ሰው ሰጠሁት" ብሏት መጣ። የአማቷን ቤት የተሸከመ እንጨት! ብዙ ቀን አኮረፈችው። ለማን እንደሰጠው እንኳን አልጠየቀችም።

ሐምሌ ላይ ወልደአማኑኤል ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ አልተነሣም። የመጣው ሁሉ ለባሏ ስታለቅስ አየ፤ እሷ ግን ከአርባው በፊት ሌላ ነገር ውስጧ ገብቶ አላስተኛ አላት። እሱ እያለ ልጅቱ የሚጠይቃት ነበራት። አሁን ማን አላት? ቦታውን የሚያውቅ ማን ቀረ? ነገ እኔም ስሄድ ማን ይረግጣት፣ ምን ይበቅልባት? እናም ወሰነች፤ አውጥታ አምጥታ ከአባቷ አጠገብ ልታደርጋት። ቄሱ ይፍቀዱ አይፍቀዱ ገና አልጠየቀችም። መጀመሪያ ትገኝ። አዲስ አቡጀዲ ገዝታ በፌስታል ያዘች፤ የወልደአማኑኤልን ዶማ አነሣች።

"አገኘሁት!" አለች ትርሲት ከድንጋዩ ተነሥታ። "ወንዙ ወደ ግራ የሚጠማዘዝበት እዚህ ነው። ከዚህ ቀጥ ብለን ስንወጣ ቤቶቹ በስተቀኝ ይመጣሉ።"

ወጡ። የመጣ ቤት ግን የለም። ጀፎሮው ጤፍ ሆኗል፤ የእነሰይፉ ግቢ ባሕር ዛፍ ነው፤ እንሰቱ ሁሉ የነበረበት ጓሮ ድንጋይ ተቆልሎበታል። ዘርፈሽዋል እንደ እንግዳ ሰው ግራ ቀኝ ታያለች። ተድራ የመጣችበትን አገር እግሯ አላውቅህም አለው። ሁለት ሦስቴ "እዚህ ይመስለኛል" ብላ ቆመች፤ ሁለት ሦስቴ ትርሲት ከካርታው ጋር አስተያይታ "አይደለም እማዬ፣ ገና ነው" አለቻት። ሦስተኛው ላይ እናት ተናደደች።

"አንቺ ነሽ እዚህ የኖርሽው ወይስ እኔ?"

"አንቺ ነሽ። ግን ዛፉ ሁሉ አዲስ ነው፤ ያታልልሻል። ዳገቱና ወንዙ ብቻ ናቸው ያልተለወጡት። እነሱን ይዘን እንሂድ።"

ከባሕር ዛፉ ሲወጡ ፊት ለፊታቸው አንድ ክብ የሣር ቤት ቆሟል። ዙሪያው ለጋ እንሰት ተተክሏል፤ አጥሩ ገና አዲስ ነው። ትርሲት ካርታውን አየች፣ ወንዙን ዞራ አየች፣ ደግማ ካርታውን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

"ምን ሆንሽ?"

"እማዬ... እዚህ ነው። ልክ ቤቱ ላይ ነው።"

ዘርፈሽዋል መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደሟ ፈላ። "ላይዋ ላይ ቤት ሠሩባት? እሳት እያነደዱባት፣ ከብት እያሳደሩባት!" ዶማውን ጨብጣ ወደ በሩ አመራች። ምን እንደምትል አታውቅም፤ ዝም እንደማትል ግን ታውቃለች።

ከጓሮ አንድ ወጣት ወጣና መንገዳቸው ላይ ቆመ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ካርታው ላይ ነው።

"ምን እየለካችሁ ነው?"

"እየለካን አይደለም" አለች ትርሲት።

"ካርታ ይዛችኋል፣ ዶማ ይዛችኋል። እዚህ አገር ካርታ ይዞ መጥቶ ደግ ነገር የነገረን ሰው የለም። ምንድን ነው? መንገድ ሊያልፍ ነው? ድንጋይ ማውጫ ነው? ወይስ የድሮ ባለርስት ናችሁ? ከሆናችሁ ይኼ መሬት ለአባቴ በድልድል የተሰጠ ነው፤ ደብተሩም አለን።"

"መሬትህን ማንም አልጠየቀህም" ልትል ዘርፈሽዋል አፏን ስትከፍት ከውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ።

"አምሀ! ምንድን ነው ጭቅጭቁ? ትልቅ ሰው በር ላይ አቁመህ ነው እንዴ? አስገባቸው እንጂ!"

"አራስ ናት" አለ አምሀ፣ አፍሮ አንገቱን ደፋ እያደረገ። "ግቡ እሺ።"

አራስ ሲባል የዘርፈሽዋል እጅ ላላ። የፈለገ ቢነድዳት አራስ ቤት ዶማ ይዛ አትገባም። አጥሩ ላይ አስደግፋው፣ ጎንበስ ብላ በሩን አለፈች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ።"

"ማርያም ታኑርልኝ። ተቀመጡ እማማ፣ እዚህ ተቀመጡ።"

ሀሴት የምትባል ልጅ እግር ናት። መደቡ ላይ ትራስ ተደግፋ ሕፃን ታጠባለች። "ሴት ናት" አለች ሳትጠየቅ፣ በኩራት። ዘርፈሽዋል ልትቀመጥ ስትል ለመደገፍ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ምሰሶው ላይ አረፈ።

እዚያው ቆማ ቀረች። መዳፏ ሥር፣ ትከሻ ከፍታ ላይ፣ እንጨቱ ጎድጉዷል፤ የተቃጠለ ጎድጓዳ፣ ጣት የሚያህል። ዓይኗን ሳትገልጥ ልትስለው ትችላለች። ሙሽራ ሳለች ኩራዝ አስጠግታ ሰቅላ ያቃጠለችው ነው። አማቷ ዓመት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳዩ ሲያሾፉባት ኖረዋል። እንጨቱ አጥር ሥር ተጋድሞ ሳለ ትርሲት ጣቷን እየከተተችበት ያደገችው ጎድጓዳ ነው። ትርሲትም አየችው፤ ካርታው እጇ ላይ ተጨማደደ።

"ምሰሶው ገረመዎት?" አለ አምሀ፣ አሁን ለስለስ ብሎ። "የመጣ ሁሉ ያዩታል። ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ነው የቆመው። ጠማማ ቤት ሠራህ ብለው ይስቁብኛል።"

"ለምን... ለምን መሃል ላይ አላቆምከውም?"

"እኔ መች አቆምኩት! እዚህ ባሕር ዛፍ ልተክል ጉድጓድ ስምስ አንድ ሽማግሌ መጡ። እንደማውቃቸው ሁሉ አጠገቤ ተቀመጡና፣ 'ልጄ፣ የባሕር ዛፍ ሥር ክፉ ነው፤ የነካውን አይለቅም። ማግባትህ አይቀር፣ እዚህ ላይ ቤት ሥራበት' አሉኝ። እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ነበር ሐሳቤ፣ እዚያ ታች። ምሰሶ እንኳን የለኝም ብላቸው፣ 'ምሰሶ እኔ አለኝ' ብለው ሄዱ። የምራቸው አልመሰለኝም። በሳምንቱ ይኼን እንጨት አስጭነው መጡልዎት!"

"ጉድጓዱን ራሳቸው ናቸው የቆፈሩት" አለች ሀሴት። "ይኼ ላግዝዎ ብሎ ቢለምናቸውም አላስነካም አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው በእጃቸው አፈር እየዛቁ። እያለቀሱ ነበር አለኝ።"

"አቧራ ነው አሉኝ እኔን" አለ አምሀ። "መሃል ላይ እናድርገው ስላቸው፣ 'መሃሉን ተዉት፤ እሳትም አታንድዱበት፣ መኝታ አድርጉበት' አሉ። የሽማግሌ ነገር ብዬ ተውኩት። ይኸው መደባችን እሱ ላይ ነው።"

ዘርፈሽዋል መደቡን አየች። ሕፃኗ ጡቷን ጨርሳ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ከሥሯ አፈር አለ፤ አፈሩ ሥር ስም የሌላት ልጇ አለች።

"አባባ ወልዴ ነው የምንላቸው" አለች ሀሴት። "በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ስኳር ይዘው ይመጣሉ። እዚያ እርስዎ የቆሙበት ምሰሶውን ተደግፈው ይቀመጡና ብዙም ሳያወሩ ይውላሉ። ሲሄዱ ምሰሶውን መታ መታ አድርገው ነው የሚሄዱት። ዘንድሮ ብንጠብቅ ብንጠብቅ ቀሩ። እኔ ደግሞ ልጅቷን ላሳያቸው ጓጉቼ..."

ቤት ውስጥ ናት። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲላት የድሮውን ቤት የሚቃዥ መስሏት ነበር። በኋላ ግን እውነቱን ነበር፤ እሷ አልሰማችውም። ተመልሶ ቤቱን ሠርቶላታል፤ ያንኑ ምሰሶ፣ እዚያው ጉድጓድ አጠገብ። በሕይወት ሳለህ ለምን አልነገርከኝም፣ እኔም ተደግፌ እንድቀመጥ ለምን አላመጣኸኝም ብላ ልትጮኽበት ፈለገች። የት አግኝታው? ደግሞም ታውቃለች ለምን እንዳልነገራት። አምጣት፣ ቆፍራት፣ እያለች ስትጨቀጭቀው የኖረች እሷ አይደለችም እንዴ? ዶማ ይዛ እንደምትመጣ ያውቅ ነበር።

"እኔ ይኼን ሁሉ ነገርኳችሁ፣ እናንተ ግን አልነገራችሁኝም" አለ አምሀ። ዓይኑ ወደ ካርታው ተመልሷል። "ምን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት?"

ትርሲት እናቷን አየቻት። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ያቺ ቃል ከወጣች ይቺ አራስ ዛሬ ማታ እዚህ መደብ ላይ አትተኛም፤ ነገ ቤቱ ይፈርሳል። ዘርፈሽዋል ደግሞ በአራስነት ቤት ሲፈርስ ታውቀዋለች።

"እናንተን ነው" አለች። "እናንተን ፈልጌ ነው። ወልደአማኑኤል ባሌ ነው። ይቺም ልጁ ናት። መርዶ ላረዳችሁ ነው የመጣሁት ልጆቼ። ሐምሌ ላይ አረፈ።"

ሀሴት "እኔን!" ብላ ደረቷን መታች። አምሀ ከቆመበት ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "አባባ ወልዴ! ወይኔ አባባ ወልዴ!" ለአባቱ የሚያለቅስ ያህል አለቀሰ።

ያኔ ዘርፈሽዋል ምሰሶውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ግንባሯን የተቃጠለው ጎድጓዳ ላይ ጣለችና አለቀሰች። በባሏ ቀብር ላይ እንኳን እንዲህ አላለቀሰችም። ከሆዷ የሚወጣው ድምፅ ያስፈራ ነበር። "ልጄ፣ ልጄ፣ ብርዱን ያላለፍሽው!" ስትል ሀሴት ሰማቻት፤ የሐዘን ነገር ነው፣ ባሏን ልጄ እያለች ነው ብላ አብራት አነባች። ለዚያች ልጅ ማንም አልቅሶላት አያውቅም ነበር። ዛሬ በገዛ ቤቷ፣ ሁለት ባዳ ጭምር፣ አራት ሰው አለቀሰላት። ትርሲት የእናቷን ወገብ ይዛ፣ ዓይታት ለማታውቃት እህቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ።

ሲረጋጉ ዘርፈሽዋል ከፌስታሉ አቡጀዲውን አወጣችና ፊቷን ጠረገችበት። አጥፋ መለሰችው።

"ያ ካርታስ ታዲያ?" አለ አምሀ፣ አፍንጫውን እየሳበ።

"እሷ ናት" አለች ዘርፈሽዋል ወደ ትርሲት በአገጯ እያመለከተች። "አስተማሪ ናት። እንደ ሰው ጠይቃ መሄድ አታውቅም፤ ቤታችሁ እንዳይጠፋን ብላ ያመጣችው ነው።"

አምሀ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ትርሲት ካርታውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም ተብለው በሉ። ሕፃኗን አቀፏት። "ክርስትናዋ ገና ነው፣ ስም አልወጣላትም" ስትል ሀሴት ዘርፈሽዋል ሕፃኗን ወዲያው አልመለሰችላትም፤ ጥቂት ያዘቻት፣ እግሮቿን በጋቢው ደህና አድርጋ ሸፈነችላት።

"ብርድ እንዳያገኛት" አለች።

"እሺ እማማ። እናንተም እንግዲህ አትጥፉብን።"

"መስቀል ሲያልፍ እመጣለሁ። ስኳሩን ግን እንደሱ አላበዛም።"

ስትወጣ ምሰሶውን መታ መታ አደረገችው። ከደጅ ሲወጡ ፀሐዩ ዘንበል ብሏል። የእንሰቱን ጥግ አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከኋላቸው አምሀ ጮኸ።

"እማማ! እማማ! ዶማችሁን ረሳችሁ!"

ዘርፈሽዋል ዞረች። ዶማውን ከፍ አድርጎ ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል።

"አልረሳሁትም" አለችው። "የእሱ ዶማ ነው። ላንተ ነው ያመጣሁልህ።"

ነጠላዋን አጣፋች፤ ባዶ እጇን ለልጇ ሰጥታ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረች።